ሳጥኑ ላይ የሳልኳት ፀሐይ

ፀሐይ ነው እኮ የሳልኩት፣ አዎ፣ አንዲት ክብ ከነጨረሯ፣ እጄ ለምዶባት፣ እማማ የእኛን ጽሑፍ ስለማያነቡ መድኃኒታቸው ላይ ሁሌ እስልላቸዋለሁ፣ ፀሐይ ማለት በየቀኑ ጠዋት አንድ ፍሬ፣ ጨረቃ ማለት ማታ፣ ዘዴውን ያወጣሁት እኔው፣ የተኮፈስኩበትም እኔው። ይሄኛው የመገጣጠሚያ መድኃኒት ግን በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው የሚወሰደው። በሳምንት። በየቀኑ ከተዋጠ ይገድላል።

ሩዙ መጣ፣ ማን አዘዘው፣ እኔ፣ ሁሌ የምቀመጥበት ቦታ ቁጭ ብዬ ሩዝ በእንቁላል አልኩ፣ ሰላም የሆነ ሰው ይመስል፣ ጠዋት ለሌላ ሰው ያንኑ መድኃኒት ሳዘጋጅ፣ በሳምንት አንዴ ብቻ ብዬ በቀይ ስጽፍ ነው እጄ ቀጥ ያለው፣ ፋርማሲውን ዘግቼ መንገዱን ተሻግሬ ወደዚህ ቻይና ምግብ ቤት የሮጥኩት ልናገር ነበር፣ በሩን ስከፍት ግን አፌ ምሳ አዘዘ። ጀግና። አሁን ተጎልቼ ሩዝ አያለሁ፣ የሶይ ሶሱን ጠርሙስ ከሳህኑ ጋር እያጋጨሁ ኪል ኪል አደርጋለሁ፣ ፈራሁ፣ ምን ይደበቃል፣ ፈራሁ።

የእማማ ወንበር ባዶ ነው። መስኮቱ ስር፣ ሊጥ የሚዳምጡበት ሰሌዳ ተጠርጎ ግድግዳውን ተደግፏል፣ ሁሌ እዚያ ሆነው ሥጋ በሊጥ እየጠቀለሉ፣ ስገባ በዱቄታም ጣታቸው ሆዴን እየጠቆሙ ከሳህ ዶክተር ይሉኛል፣ ዶክተር አይደለሁም እማማ፣ መድኃኒት ሻጭ ነኝ ብል ብል ሰለቸኝና ተቀበልኩ፣ ኧረ ደስም ይለኝ ነበር፣ ምን ዋጋ አለው። ቁጠር። ሳጥኑን ለልጃቸው የሰጠኋት ባለፈው ረቡዕ ከሰዓት ነው፣ ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዛሬ ሐሙስ፣ ስምንት ፍሬ። ረስተው ይሆናል፣ ያረጀ ሰው ይረሳል፣ አምላኬ አስረሳቸው፣ እሳቸው ደግሞ አይረሱም፣ ሰዓት ናቸው።

ልጃቸው ሾርባ ይዛ ትመጣለች፣ ቤቱን ከባሏ ጋር የምትመራው እሷ ናት፣ ባሏ ጓዳ ሆኖ ይጠብሳል፣ እኔ ሾርባ አላዘዝኩም፣ የእማማ ነው ትለኛለች፣ አፋቸው ውስጥ ቁስል ወጥቶ መዋጥ አቅቷቸው ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ፎቅ ተኝተዋል፣ ያ ልጅ ከመጣ ለሱ ስጪው፣ ከስቷል ብለውኝ ነው።

የአፍ ቁስል። ስንማር መጽሐፉ ላይ በደማቁ ተጽፎ የነበረው የመመረዝ ምልክት፣ ከሱ ቀጥሎ የተጻፈውን አላስታውስም፣ አስታውሳለሁ፣ አላስታውስም። ኪሴ ውስጥ ሌላ ሳጥን አለ፣ በትክክል የተጻፈበት፣ ለምን ይዤ መጣሁ፣ ላስተካክል፣ ውሸታም፣ ልቀይር ነው እንጂ፣ መድኃኒታቸውን እስቲ ልየው ብዬ ባስመጣው፣ ፈቀቅ ስትል ብቀይረው፣ ማን ያውቃል፣ ዕድሜያቸው ነው ይባላል፣ የሥራ ፈቃዴ አይነጠቅ፣ ሚስቴ አትሰማ፣ ሰፈሩ ገዳይ አይለኝ፣ ብላ እንጂ ይቀዘቅዝብሃል ትለኛለች ልጃቸው፣ እሺ፣ እሺ እበላለሁ። ሐኪም ቤትስ ቢወስዷቸው፣ ሐኪሙ የቀየርኩትን ሳጥን ያያል፣ በሳምንት አንዴ ይላል፣ በየቀኑ እንደዋጡ በምን ይገባዋል፣ ማርከሻ እያለው ማርከሻውን አይሰጥም። ሳጥኑን የቀየርኩ ቀን ያኔ አውቄ ገደልኳቸው ማለት ነው። ያኔ ስህተት አይደለም።

ስሚኝ እህቴ። ድምፄ የኔ አይመስልም። መድኃኒቱ በሳምንት አንዴ ነበር፣ በየቀኑ ብዬ የሳልኩት እኔ ነኝ፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ ቁስሉ የመጣው ከሱ ነው፣ ሐኪም ቤት እንውሰዳቸው፣ አሁኑኑ።

ሁለት እጇን ገልብጣ ታያለች። በእጄ እኮ ነው የማጎርሳቸው፣ ትላለች፣ በየጠዋቱ፣ እምቢ ሲሉኝ እየተቆጣሁ።

ተነሣ፣ ባሏ መኪና ሊያስነሳ በጓሮ ይሮጣል፣ ደረጃው ጠባብ ነው፣ ክፍሉ ቅባት ቅባት ይሸታል፣ እማማ በጎናቸው ተኝተዋል፣ ሲያዩኝ አፋቸውን በመዳፋቸው ይሸፍናሉ፣ ቁስሉን እንዳላይ አፍረው፣ ግንባራቸው ይፋጃል፣ ይታዘሉ እማማ፣ ጀርባዬ ላይ፣ እንደዚህ፣ ቀላል ናቸው፣ ምነው እንደዚህ ቀለሉ፣ እጆቻቸው አንገቴ ላይ ተቆላልፈዋል፣ አንድ ደረጃ፣ ሌላ ደረጃ፣ መንቀጥቀጤ ተሰምቷቸዋል፣ ጆሮዬ ስር ትንፋሻቸው ይሞቃል፣ አይዞህ ይሉኛል፣ ቀስ በል ልጄ፣ አይዞህ፣ እኔን፣ እሳቸው እኔን አይዞህ