የጎደለው ሰማንያ ግራም

"ኸላስ፣ በቃ ልድፋው!" አለች ቀፀላ፣ ትልቁን ድስት በጨርቅ ጨብጣ።

"እንዳትሞክሪው!" ባንቺ ዘላ መታጠቢያው ፊት ተገተረችባት።

ዓረብ አገር፣ ፉርን ኤል ሸባክ የሚባል ሰፈር ያለችው የቀፀላ ጸጉር ቤት እሁድ ዝግ ናት። ሁለቱ ጓደኛሞች ግን ባንቺ በሠራተኝነት ከምታገለግልበት ከማዳሟ ቤት በምትወጣባት በዚችው ቀን ጓዳ ገብተው ሳሙና ያፈላሉ። ደረቁን ሳሙና በካስቲክ ሶዳ ስንቴ ሠርተውታል። ዛሬ ግን ጀማይዜ ሰፈር አንድ ሬስቶራንት ውስጥ ዕቃ የምታጥበው ጓደኛቸው ፊርደውስ አለቃዋን ለምና ፈሳሽ ሳሙና አሳዘዘችላቸው። ለፈሳሹ የሚሆነው ፖታሽ ነው ሲባል ሰምተው፣ ለወትሮው መጠን ዘይት በሁለት መቶ ግራም ሶዳ ፈንታ ሁለት መቶ ግራም ፖታሽ ጨመሩ። ይኸው ከጠዋት ጀምሮ ቢያማስሉት ዘይቱ ከላይ እንደተንሳፈፈ ነው። እስከ ማታ ካላደረሱ ትዕዛዙ ለሌላ ይሰጣል፤ ፊርደውስም ጉድ ትሆናለች።

"ፖታሽ ትንሽ እንጨምርበት" አለች ባንቺ።

"ትንሽ ማለት ስንት? ቢበዛ እኮ የፊርደውስን እጅ ነው የሚልጠው! ሀራም አይደለም?"

ባንቺ የፖታሹን ዕቃ አንስታ የተለጠፈበትን ጽሑፍ አነበበች። አንድ ሞሉ ሃምሳ ስድስት ግራም ነው ይላል። ባዶው የሶዳ ዕቃ ላይ ደግሞ አርባ። ሞል! ደሴ አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለች እንደ ዳዊት ሸምድዳው አንድም ቀን ያልገባት ነገር። ሞል ለካ ቁጥር ነው፤ ዓይን የማያያቸው ቅንጣቶች የሚቆጠሩበት ደርዘን!

"ቀፂ! ሁለት መቶ ግራም ትንንሽ ቢጎዲንና ሁለት መቶ ግራም ትልልቅ ቢጎዲን ቁጥሩ እኩል ነው?"

"አበድሽ እንዴ? ትልልቁማ ጥቂት ነው የሚሆነው።"

"ለአንድ ራስ የሚበቃው ቁጥር ካልሞላስ?"

"ያኒ፣ ማለቴ... ግማሹ ጸጉር ሳይጠቀለል..." ቀፀላ አፏን ያዘች። "ውይ፣ ዘይቱ!"

"ዘይቱ ነዋ! ፖታሹ ትልቁ ቢጎዲን ነው! ሁለት መቶው ሶዳ ለአርባ ሲካፈል አምስት ሞል ነው። ከፖታሹም አምስት ሞል ያስፈልገናል። አምስት ጊዜ ሃምሳ ስድስት..."

ባንቺ ቀፀላ ለማስላት ስልኳን እስክታወጣ አልጠበቀቻትም። "ሁለት መቶ ሰማንያ! የጎደለን ሰማንያ ግራም ነው! እልል በይ አንቺ፣ ያ ኬሚስትሪ ዛሬ ገና ገባኝ!"

መስኮቱን ከፈቱ። ጓንት አጥልቀው ሰማንያውን መዘኑ፣ ውኃ ውስጥ አሟሙት፣ ጠብ እያደረጉ ጨመሩት። እንደገና ሲያማስሉት ቆዩ። የተንሳፈፈው ዘይት እየሳሳ ሄዶ ጠፋ። ቀፀላ አንድ ማንኪያ ወስዳ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ብታሟሟው ጥርት አለ! እልልታዋን አቀለጠችው፤ ጎረቤቷ ምን ተፈጠረ ለማለት ከበረንዳ "ሹ ፊ?" ብላ እስክትጮህ ድረስ።

ሳሙናውን በውኃ አቅጥነው ሲያበርዱ ፊርደውስ ደወለች።

"ደረሰልኝ?"

ቀፀላ ስልኩን በእጇ ሸፍና ወደ ባንቺ ዞረች። "ዘይቱስ ጠፋ። እጇን ላለማቃጠሉ ግን እርግጠኛ ነሽ?"

ባንቺ ጓንቷን አወለቀች። የማዳሟ ቤት ማጽጃ ክሎር የሰነጣጠቀው እጇ ወጣ። ከሳሙናው ጨለፍ አድርጋ እስከ ክርኗ ለቀለቀችው፣ አረፋውን ሳታጥብ ቆመች።

"አላቃጠለኝም" አለች ባንቺ፣ ጥርሷ ሁሉ እየታየ።

ቀፀላ ስልኩን ወደ ጆሮዋ መለሰች። "ፊርዱ፣ መጣን። እኔም ልታጠብበትና መጣን" አለችና የራሷን ጓንት በጥርሷ ሳበችው።