በግርጌ በኩል

የኮሌጁ ጥበቃ ጥቅሉ ካልተፈታ አላስገባም አለ። ፈቃደ በሩ ፊት ተንበርክኮ ገመዱን ፈታ። ከእንሰት ቅጠል የተሠራው ጅባ ቀስ ብሎ ተዘረጋና የቤቱን የጭስ ሽታ ወልቂጤ ፀሐይ ላይ አወጣው። «ምንጣፍ ነው» አለ። ጥበቃው በጫማው ጫፍ ገለጥ አድርጎ አየና መታወቂያውን ተቀብሎ አሳለፈው። በእጁ ቢገልጠው ምን ነበር? ፈቃደ ይህንንም ከሌሎቹ ንቀቶች ጋር በልቡ አስቀመጠው። እንዲህ ያለውን የሚያጠራቅምበት ልብ ሞልቶ አያውቅም።

ከቡታጅራ የተነሳው ገና ሳይነጋ ነው። ጣራ ላይ ይጫን ካለው የመኪና ረዳት ጋር ተሟግቶ፣ የአረቅጥን ብርድና ጉም ጥቅሉን እንዳቀፈ አልፎ ነው የደረሰው። ልጁ ቴዎድሮስ ኮሌጅ ከገባ ወዲህ በስልክ ብዙ አያወራም። አንድ ቀን ወሬ አልቆባቸው ሁለቱም ዝም ሲሉ ግን «አልጋዬ ያለበት ግድግዳ ይቀዘቅዛል» ብሎ ነበር። ያቺ ቃል ለልጁ የዝምታ መሙያ ነበረች። አባት ይዟት ከረመ።

ጅባውን የጀመረችው ሚስቱ ሰገነት ናት። ሳትጨርሰው ታመመች፤ ሳትጨርሰው አፈር ገባች። የቀረውን ፈቃደ ከሰልባጅ ንግዱ ሲመለስ በሩን እየዘጋ ሠራው። የሴት ሥራ ነው፤ ጎረቤት ቢያየው መተረቻ ይሆን ነበር። እሷ የሠራችው ወገን ልጥፍ ብሎ የተኛ ነው። የእሱ ወገን ተጣመመ።

ዶርሙ ውስጥ ሁለት ተደራራቢ አልጋዎች ግራና ቀኝ ቆመዋል። ከላይ ዑመይር የሚባል የስልጤ ልጅ ደብተር ደረቱ ላይ አድርጎ ተጋድሟል፤ እንግዳ ሲያይ ብድግ ብሎ ጭንቅላቱን ከጣራው ሊያጋጭ ምንም አልቀረው። ቴዲ የአባቱን ትከሻ ሳመ፤ ዓይኑ ግን ጥቅሉ ላይ ነበር።

ልጁ የታችኛውን አልጋ ዙሪያውን በሰማያዊ መጋረጃ ጋርዶ ጓዳ የምታህል ቤት ሠርቶበታል። ፈቃደ መጋረጃውን ሲገልጥ ደስ አለው። መጻሕፍቱ በካርቶን መደርደሪያ ተሰድረዋል፤ ከአልጋው ብረት ላይ ትንንሽ መብራቶች ተንጠልጥለዋል፤ የሰገነት ጉርድ ፎቶ መስታወት ጥግ ላይ ተሰክቷል። «ሰው ሆነሃል» ሊል አፉን ከፈተ። ከዚያ ወደ ራስጌው አየ።

በመስታወት ክፈፍ ገብቶ የተሰቀለው የፈቃደ ታላቅ ወንድም የገብረወልድ ፎቶ ነበር። ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ እጁን ቴዲ ትከሻ ላይ ጥሎ ይስቃል።

የተማረ ይግደለኝ የሚሉት የተማረ ወንድም የሌላቸው ናቸው። ፈቃደ ከስድስተኛ ክፍል የወጣው «አንዱ ይማር፣ አንዱ መሬቱን ይያዝ» ተብሎ ነው። የተማረው አዲስ አበባ ቤት ሠራ። የቀረው ቆጮና ማር ተሸክሞ ሊመርቅ ቢሄድ ኮሪደር ላይ፣ ጫማ መደርደሪያው ሥር አነጠፉለት። ሲነጋ ቆጮውን ዘበኛው ሲበላው አገኘ። ሰገነት ስትሞት ደግሞ ወንድሙ የደረሰው ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላ ነው።

«ጋሼ ገብረወልድ መጥቶ ነበር» አለ ቴዲ። «መጋረጃውንም እሱ ነው ያመጣልኝ።»

«እዚህ ድረስ ገባ?»

«ገባ እንጂ። እዚችው ተቀምጦ ስንጫወት ዋልን።»

ፈቃደ ጅባውን አንስቶ ራስጌው ግድግዳ ላይ ለካው። ልክክ አለ፤ የወንድሙን ሳቅም ሸፈነው። በዚያች ቅጽበት መንገዱም ብርዱም የጥበቃው ጫማም ከላዩ ላይ ወረደለት።

«እዚያ ጋ ፎቶው አለ» አለ ልጁ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «በግርጌ በኩል ይሁን፣ አባዬ።»

ግርጌ የት እንደሆነ ፈቃደን የሚያስተምረው የለም። ጅባውን አወረደና ወደ እግር በኩል ወስዶ ከአልጋው ብረት ጋር በሲባጎ ማሰር ጀመረ። ምስማር ክልክል ነው ብለውታል። ቴዲ አንደኛውን ጫፍ ሲይዝለት ጣቱ ጠማማው ላይ አረፈ።

«እማዬ እንዲህ አትሠራም ነበር እኮ።»

ፈቃደ ሲባጎውን አጠበቀ። «አሟት ነበር» አለ።

የልጁ ፊት ተለወጠ። ያንን ጠማማ ወገን ከላይ እስከ ታች፣ የሰው ጀርባ እንደሚዳብስ፣ በመዳፉ ዳበሰው። አባት ጎኑ ቆሞ አየ። በእሱ እጅ የተሠራ ነገር በልጁ እጅ እንዲህ ሲዳበስ የመጀመሪያው ነበር። ልናገር ቢል ከሰገነት ላይ መንጠቅ ይሆንበታል። ዋጠው። ቴዲም ዓይኑን እየጠራረገ ሻይ ላምጣ ብሎ ወጣ።

ዑመይር ከላይ አንገቱን አሰገገ።

«ፋዘር፣ ቴዲ እኮ ዞሮ ነው የሚተኛው። የኮሪደሩ መብራት ዓይኑን ስለሚወጋው ጭንቅላቱን በዚያ፣ እርስዎ ባሰሩበት በኩል ነው የሚያደርገው።»

ፈቃደ አልጋውን አየ። ትራሱ ራስጌ ነበር፤ ፎቶው ሥር፣ የልጁ ጭንቅላት ያረፈበት ቦታ ጎድጎድ እንዳለ። ዑመይርም ፈቃደ ያየውን አየና ቶሎ ደብተሩን ፊቱ ላይ ደፋ።

«እግዜር ይስጥህ፣ ልጄ» አለው ፈቃደ። ሰው የጣለበትን ሁሉ ሲለቅም የኖረ ሰው፣ ዛሬ የሰጡትን ደግነት የት እንደሚያስቀምጠው ጠፋው።

ጎንበስ ብሎ ትራሱን አነሳ። ቀላል ነበር። በኮሪደሩ የልጁ ኮቴና የብርጭቆ ኳኳታ እየቀረበ መጣ። ፈቃደ በራስጌና በግርጌ መካከል፣ ትራሱን እንዳቀፈ ቆመ።