ትምህርት ቤቱ ሁሉ የወፈረበት ሰኞ

ከምተርክላችሁ ውስጥ የሰናፍጭ ቅንጣት የምታክል ውሸት ከተገኘች፣ የበርን መዛነፍ ከመንገድ ማዶ የሚለየው ይኼ ዓይኔ ይፍሰስ። የትምህርት ቤቱ አናጢ ነኝ። በሃያ ዓመት ውስጥ ያልጠገንኩት ወንበር ቢኖር ገና ያልተሰበረው ብቻ ነው።

ሰኞ ጠዋት ሲስተር፣ ነርሳችን ማለቴ ነው፣ ልጆቹን መመዘን ጀመረች። ክብደታቸውን ከቁመታቸው ጋር እያሰላች ማን ከሳ፣ ማን ወፈረ የሚለውን ትለያለች። ለጤናቸው ነው፤ ደግ ሥራ ነው። እስከ ምሳ ሰዓት ሦስት ሺህ ልጅ መዘነች። ትምህርት ቤቱ ያለው አራት መቶ ልጅ ነው የሚል ካለ፣ የዚያን ቀን ስላልነበረ ነው።

ውጤቱ ጉድ ነበር። ትምህርት ቤቱ በሙሉ ወፍሯል። ነፋስ ሲነሳ ምሰሶ የምታቅፈው፣ ስንጥር የመሰለችው የሁለተኛ ክፍል ልጅ እንኳን ክብደት ትቀንስ ተብሎ ተጻፈባት።

ለእኔ ግን ነገሩ ቀልድ አልነበረም። የአሥራ አንድ ዓመቷ ልጄ የትምህርት ቤቱ የእግር ኳስ ቡድን በረኛ ናት፤ ቅዳሜ ደግሞ ትልቅ ጨዋታ አለ። ፊሽካውን ከአፉ ስለማያወጣ ፊሽካ የምንለው የስፖርት መምህር ስሟን ከወፋፍራሞቹ ዝርዝር ውስጥ አገኘውና፣ ክብደቷ እስኪስተካከል አትሰለፍም አለ። ልጄ የምሳ ዕቃዋን ሳትከፍተው መለሰችልኝ። ጓንቷን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና፣

«አባዬ፣ ወፍሬያለሁ እንዴ?» አለችኝ።

አንጀቴን በላችው። በሦስት እርምጃ ግቢውን አቋርጬ የሲስተርን በር በረገድኩት። ገና ደፉ ላይ ቆሜ፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ግድግዳው ላይ የተቸነከረውን የቁመት መለኪያ ሜትር አየሁት። ዜሮው ወለሉን አይነካም። የግድግዳውን ስር ከሚዞረው ከእንጨቱ ዞኮሎ በላይ፣ ከወለሉ አሥር ሳንቲ ሜትር ያህል ተንጠልጥሎ ነው የሚጀምረው። ልጅ ሁሉ አሥር ሳንቲ ሜትር አጥሯል ማለት ነው፤ በስሌቱ ደግሞ ያጠረ ሰው ወፍሮ ይወጣል።

«ሲስተር፣ ልጆቹ አልወፈሩም፤ ሜትርሽ ነው ያሳጠራቸው» አልኳት።

ፊሽካ ይህን ሲሰማ ፊሽካውን ሊውጠው ለጥቂት ተረፈ። ዳይሬክተሩ አንገቴ ላይ ተጠምጥሞ አለቀሰ። ተማሪዎቹ ተሸክመው ግቢውን ሰባት ጊዜ አዞሩኝ፤ መቶ ኪሎ እንደምመዝን ደግሞ አትርሱ። ሜትሩ ዝቅ ተደርጎ እንደገና ስትለካ ልጄ ልኳን ሆና ተገኘች። ቅዳሜ ጓንቷን አጠለቀች፣ ስልሳ ኳስ አዳነች፣ ዘጠኝ ለዜሮ አሸነፍን።

ይህን በሻይ ሰዓት ለአዲሶቹ መምህራን ስተርክ፣ ጥግ ላይ ተቀምጣ መዝገቧን የምትሞላው ሲስተር ቀና እንኳን ሳትል በለሆሳስ ተናገረች።

«ወንድምዓለም፣ ያንን ሜትር ዞኮሎው እንዳያጎብጠው ብለህ ከፍ አድርገህ የቸነከርከው አንተው ነህ። ስህተቱን ያገኘችው ደግሞ ልጅህ ናት። በማግስቱ እንደገና ለኪኝ ብላ መጣች፤ ጫማዋን ልታወልቅ ጎንበስ ስትል አየችውና፣ ማስመሪያዋን አውጥታ ከወለሉ እስከ ዜሮው ለካችው። አንተ ያኔ ኮሪደሩ ውስጥ መሰላል ላይ ሆነህ አምፖል ትቀይር ነበር። ጨዋታውም አንድ ለአንድ ነው ያለቀው።»

ገጹን ገለጠች።

«መሰለፏ ግን እውነት ነው።»