ሰላዩን አስገቡት

ሸራው ላይ የተዘጋው በር የፊልሙን ሰላይ አፍንጫ ሲመታው መጋዘኑ ውስጥ ማንም አልሳቀም።

ፊልሙን በአማርኛ የሚተርከው ስማቸው ድምፅ ማጉያውን ከአፉ አራቀ። በተማረበት በፕራግ ሰው በሳቅ ከወንበሩ የሚወድቀው እዚህ ቦታ ላይ ነበር። ሰላዩ የለጠፈው ጢም ተንጠልጥሎ፣ አንዴ ቄስ አንዴ ነርስ መስሎ፣ በረዶ በለበሰ መንደር ከበር በር ያንኳኳል፤ ሁሉም ይዘጋበታል። የዚያ አገር ሃያስያን ይህን ክፍል የቀልዱ ጫፍ ብለው ጽፈውለታል። ቀጥሎ አንዲት አሮጊት ሰላዩን ሾርባ የምታበላበትን ግን ተቆርጦ ቢጣል ይሻል ነበር ብለዋል። ስማቸውም ያኔ ተስማምቶ ነበር።

የመካነ ሰላም ሰው ለመግቢያ አንዳንድ ጣሳ ገብስ ይዞ ነው የመጣው፤ ገብሱ ረኀቡ ከቆላ አውጥቶ ከከተማው ዳር ላሰፈራቸው ሰዎች ነው። የቀበሌው ሊቀመንበር ብዙነህ ጠዋት ለስማቸው ቁርጡን ነግሮታል። «ሕዝቡ ፊልሙን ካልወደደው የፊልም ማሽኑ ዛሬውኑ በደሴው መኪና ይመለሳል።» ማሽኑ ከሄደ ገብሱም ቀረ ማለት ነው።

የሚገርመው እስከዚያች ቅጽበት ሲሳቅ ነበር። ሰላዩ በቀደደው ጋዜጣ ሲያጮልቅ ልብስ ሰፊው ጀብሪል «የኛው ነጭ ለባሽ እንኳ ከዚህ ይሻላል» ብሎ ቤቱን በሳቅ አድምቆት ነበር።

«ምን ዓይነት አገር ነው?» አሉ ከፊት የተቀመጡት እማማ በለጡ። «በዚህ ብርድ ሰው ደጅ ያቆማሉ?»

«ከንፈሩ ደርቋል እኮ» አለች ሩቂያ ከኋላ። «አላህ ይይላቸው።»

ስማቸው ቀልድ መሆኑን ሊያስረዳ ማጉያውን አነሣ። ግን ከተመለሰ ወዲህ የሰማውን አስታውሶ መልሶ አወረደው። እሱ በረዶ ሲረግጥ፣ እዚህ ሰው ደጁ የቆመውን ረኀብተኛ እያየ መቀርቀሪያ ወርውሯል፤ ከፍቶ የሚሰጠው ስላልነበረው። ይህን ማንም በግልጽ አይናገረውም። አሁን ግን በጨለማው ውስጥ ሁሉም አቀርቅሯል።

ሰላዩ የመጨረሻውን በር አንኳኳ። በፊልሙ «ከመብራት ኃይል ነኝ፣ ቆጣሪ ላነብ ነው» ነበር የሚለው። ስማቸው አመነታና የራሱን ቃል ተናገረ።

«የመሸበት የእግዜር እንግዳ ነኝ። አሳድሩኝ።»

«ቤት የእግዜር ነው!» አለ መጋዘኑ በአንድ አፍ።

አሮጊቷ በሩን ከፈተች። እልልታው ቆርቆሮውን አናወጠው። ሾርባው ሲጨለፍ ሩቂያ «ቀስ በል፣ እንዳያቃጥልህ» አለችው። ሰላዩ በአሮጊቷ ድመት ላይ ሲቀመጥ ሳቁ ተመለሰ። ሴቶቹ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ ሳቁ።

ፊልሙ አልቆ በሩ ሲከፈትና የከሰዓቱ ፀሐይ ወደ ውስጥ ሲገባ ብዙነህ እማማ በለጡ ዘንድ ቀረበ።

«እማማ፣ ሰውዬው እኮ ሰላይ ነው። አላወቁም?»

«ምነው ሳላውቅ። ጢሙ ሲወልቅ አየሁት።» ተነሥተው ቀሚሳቸውን አራገፉ። «ሰላይስ አይርበውም፣ ልጄ?»

ጀብሪል ሳቁን ለመደበቅ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ሰው ከተበተነ በኋላ ስማቸው ማሽኑን ሳጥኑ ውስጥ አስገባ። ብዙነህ መጥቶ አንዱን ወገን ያዘ።

«በዚያ በኩል አንሣ።»

ከደጁ ትንሽ ራቅ ብሎ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። በግራ ሞተሩን ያስነሣ የደሴ መኪና ቆሟል፤ በቀኝ ማሽኑ ከቀረ የሚቀመጥበት የትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት አለ። ከኋላ ሆኖ የሚሸከመው ስማቸው የሊቀመንበሩን ጀርባ ብቻ ነበር የሚያየው። ወዴት እንደሚሄዱ አልጠየቀም። ከተመለሰ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ልቡ አርፎለት ነበር።

መገንጠያው ላይ ብዙነህ ቆመ።

«ያ ሾርባ የምን ነበር?»

«የድንች።»

«የድንች ብቻ?»

«ሽንኩርትም አለው መሰለኝ።»

የመኪናው ሾፌር ጡሩምባ ነፋ። ብዙነህ ዞሮም አላየው።

«ሥጋ ጣል ብታደርግበት ምን ነበረበት?» አለ፣ ወደ ቀኝ እየታጠፈ።