ለአራት ሰው ሦስት ፎቅ

«ዛሬ ክለሳ አለሽ፤ ተነሺና ልበሺ» አለች ኢንሳፍ፣ የልጇን የደብተር ቦርሳ አልጋው ላይ እየወረወረች።

ሻሂንዳ ቦርሳውን በእግሯ ገፋ አደረገችው። አባቷ ከተቀበረ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነው። ሳሎኑ ጥቁር በለበሱ ሴቶች ተሞልቷል፤ ታች መንገዱ ላይ በተተከለው ድንኳን ደግሞ ወንዶቹ ተደርድረው ቁርኣን ያዳምጣሉ።

«እማዬ፣ ሰው ምን ይለናል?»

«ሰው ፈተና አይፈተንልሽም! አንድ ወር ተኩል ነው የቀረሽ።»

«አልሄድም አልኩሽ።»

«ግትር! ልክ እንደ አባ…» ኢንሳፍ አፏን በመዳፏ ያዘች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች። ሻሂንዳ ልታቅፋት አስባ ነበር፤ ግን ተናዳ ስለነበር ጥላት ወጣች።

ሳሎን ውስጥ አክስቷ ዋጊዳ ስኳር የሌለውን ቡና ይዛ ከጎረቤት ሴት ጋር ታንሾካሽካለች። የምታንሾካሽክ ይመስላታል እንጂ ቤቱ ሁሉ ይሰማታል።

«ወንድሜ እኮ ፈልጎ ነው እንዲህ የኖረው። ከሱ በኋላ የተቀጠሩት እንኳ በግል አስጠንተው ፎቅ ሠሩ። እሱ ግን ከነዚያ ባዶ ወንበሮች ጋር!»

«ለገዛ ልጁ እንኳ አስጠኚ አልቀጠረም ይባላል፤ እውነት ነው?»

«ዝም በይ፣ መጣች።»

እውነት ነበር። አባቷ ኡስታዝ ባህጋት፣ በግብፅ መምህር ሁሉ ኡስታዝ ነው የሚባለው፣ በዘቃዚቅ ከተማ የሴቶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ኬሚስትሪ ሲያስተምር አንድም ቀን የግል ተማሪ ተቀብሎ አያውቅም። በዚያ ከተማ የግል ተማሪ የሌለው የኬሚስትሪ መምህር፣ መኪና እያለው በእግሩ እንደሚሄድ ሰው ነው የሚታየው። የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ከመስከረም ጀምሮ ትምህርት ቤት መርገጥ ያቆማሉ፤ ጧትም ማታም ማስጠኛ ማዕከል ናቸው። ሻሂንዳም የተመዘገበችው አባቷ ክፍል ውስጥ ነበር፤ ግን እሷም አትሄድም ነበር። «ቤት ነው የማጠናው» ትለው ነበር።

ባለፈው መስከረም የተነሳው ጠብ እስካሁን በጆሮዋ ያቃጭላል።

«ሁሉም እየሄደ ልጄ ብቻዋን ልትቀር ነው?» ብላ ነበር እናቷ። «ያንተ መርህ ፋርማሲ ያስገባታል?»

«የሻሂንዳ እናት፣ እኔ እኮ መምህር ነኝ። ቀን የነፈግኩትን ማታ ልሽጠው? ወይስ ልጄ እኔ ያለኝን ከሌላ ሰው ትግዛ? ክፍል ትምጣ፤ ሌላ ምን ልበልሽ!»

«ክፍልህ ማን አለ? ዝንብ!»

በሳምንቱ ኢንሳፍ ለባሏ ሳትነግር አምባሯን ሸጠችና ልጇን የከተማው ሰው «የኬሚስትሪው ንጉሥ» ወደሚለው ወደ ኡስታዝ ሹክሪ ማዕከል ወሰደቻት። አራት መቶ ተማሪ አንድ አዳራሽ ውስጥ ታጭቆ በድምፅ ማጉያ ይማራል። ሹክሪ ሕጎቹን በዜማ ያስይዛቸዋል፤ ያስቃቸዋልም። ሻሂንዳ ወደደችው። ውጤቷም ከፍ አለ።

አንድ ቀን የማዕከሉን መጽሐፍ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ረስታ ወጣች። ስትመለስ ካስቀመጠችበት አልተነቃነቀም። ከወር በኋላ ግን ገጽ አርባ ላይ በእርሳስ የተጻፈ ነገር አገኘች፤ «መልሱ ሐ ነው፤ ለ አይደለም»። የአባቷ ጽሕፈት ነበር። ስታሰላው ልክ ነው፤ የተሳሳተውን መልስ ወር ሙሉ በቃሏ ይዛው ኖራለች። እሱም አላነሳባትም፣ እሷም አላነሳችበትም። አሁን ሳሎኑ መሃል ቆማ ስታስበው ይበልጥ የሚያናድዳት ይኸው ነው። ምናለ አንዴ ቢጮህባት!

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሹክሪ ራሱ ለቅሶ ሊደርስ መጣ። ሴቶቹ ነጠላ ጫማቸውን እየፈለጉ ተንጫጩ፤ ግማሾቹ ልጆቻቸው እሱ ጋ ናቸው። በሩ ላይ ቆሞ ኢንሳፍን «ቀሪው ዕድሜ ለእናንተ ይሁን» አላትና ዞር ሲል ሻሂንዳን አያት።

«የኔ ተማሪ ነሽ እንዴ?»

«ከመስከረም ጀምሮ።»

«የኡስታዝ ባህጋት ልጅ! አላወቅኩም፤ ይቅርታ አድርጊልኝ። ወደ ሴቶቹ ትምህርት ቤት ከመዛወሩ በፊት ኬሚስትሪን ያስተማረኝ እሱ ነው። ማዕከሉን የከፈትኩ ጊዜ ምን አለኝ መሰለሽ? ‹አንተ እኮ ፈተና ነው የምታስተምረው፤ ኬሚስትሪ አይደለም።› ልክ ነበር።»

«ታዲያ ለኔ የቱ ነው የሚበጀኝ?» ድምፅዋ ከፍ ብሎ ስለነበር ሴቶቹ ሁሉ ዞሩ። «አንድ ሰው እስቲ ይንገረኝ!»

ሹክሪ የመኪና ቁልፉን ከእጅ እጅ አገላበጠ። «እስከ ፈተናው ድረስ የኔ ይበጅሻል። ከዚያ ወዲያ ያለውን… እንጃ» አለና ደረጃውን ወረደ።

በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ እየፈረሰ ሳለ አራት ልጃገረዶች የትምህርት ቤት ልብሳቸውን እንደለበሱ ሳሎን ገቡ። ሻሂንዳ አንዳቸውንም አታውቅም። ከፊት የቆመችው፣ አዝሃር የምትባል ረጅም ልጅ፣ «የሱ ክፍል ተማሪዎች ነን» አለች።

«ስንት ናችሁ?»

«እኛው ነን። አራት።»

ለአራት ሰው! ሐኪሙ የአባቷ ልብ ደክሞ ነበር ብሏል። የሞተው ሦስተኛ ፎቅ ላይ አስተምሮ ሲወርድ፣ ደረጃው ላይ ነው።

«ለምን ማዕከል አትሄዱም?» አለቻቸው ሻሂንዳ፤ ስድብ መሰለባት።

«ብንችል እንሄድ ነበር» አለች አዝሃር ሳታፍር። «አንቺን ግን በስም እናውቅሻለን። ሁልጊዜ ጧት ስም ሲጠራ ያንቺንም ይጠራ ነበር። ትንሽ ይጠብቃል። ከዚያ ‹ቀሪ› ብሎ ይጽፋል።»

ሻሂንዳ ለለቅሶው ከተከራዩት ወንበሮች አንዱ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች።

«አንድ ጥያቄ ሰጥቶን ነበር» አለች ሌላዋ ልጅ ቶሎ ብላ። «በማግስቱ ሊያርምልን ነበር፤ መልሳችን አልገጠመም። ልጁ ስለሆንሽ…»

ደብተሩን ሰጠቻት። የብረት ምስማር ሰማያዊ የመዳብ ሰልፌት ውኃ ውስጥ ቢያድር፣ ሲመዘን ይከብዳል ወይስ ይቀላል? ለምን?

የሹክሪ ዜማ ወዲያው በጭንቅላቷ ውስጥ ተነሳ፤ ብረት መዳብን ያባርራል። ግን ይከብዳል ወይስ ይቀላል? ዜማው እዚያ ላይ ያልቃል።

«ይቀላል» አለች። «ብረቱ እየሟሟ ስለሚሄድ።»

አራቱም ተያዩ።

«እኔ ይከብዳል ነው የምለው» አለች አዝሃር በቀስታ። «ብረቱ ይሄዳል፤ ግን በሄደው ልክ መዳቡ ይተካና ምስማሩ ላይ ይለጠፋል። መዳቡ ደግሞ ከሄደው ብረት ይከብዳል። እሱ ብዙ ጊዜ ‹የሄደውን ብቻ አትዩ፣ የቀረውንም መዝኑ› ይለን ነበር።»

ኢንሳፍ ልጇን ወደ ማዕከሉ ልትሸኝ የደብተር ቦርሳዋን አንግታ ከጓዳ ብቅ አለች፤ ልጆቹን ስታይ ባለችበት ቆመች። ሻሂንዳ ዞራ አላየቻትም። ወንበሯን ከአራቱ ጎን አጠጋች። የመዳቡ ነገር በደንብ አልገባትም ነበር።

ልትጠይቅ፣ ክፍል ውስጥ እንዳለች ሁሉ፣ ቀኝ እጇን አወጣች።

አዝሃር ደብተሯን ዝቅ አድርጋ «እሺ፣ ሻሂንዳ» አለቻት።