ሰፊ ጥርስና ቀጭን ጥርስ

አማትየዋን ዝምታ እንደ ጠባብ ጫማ ይቆረቁራቸዋል፤ ምራታቸው ደግሞ «እንዴት አደርሽ» ቢሏት እንኳ አስባ የምትመልስ ሴት ናት። ሟቹ ልጃቸው በመካከላቸው ሳለ እናቱን ይሰማ፣ በሚስቱም ፈንታ ይናገር ነበር። እሱ ካለፈ ወዲህ በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ብቸኝነት ይኖራል፤ አንዱ ያወራል፣ ሌላው ይሰማል።

ምራትየዋ በቤተ መዘክሩ ምድር ቤት የባሕር ቀንድ አውጣዎችን በየዝርያቸው ትለያለች። ዕድሜዋን የፈጀችው የሌላውን ዛጎል ቦርቡረው ሥጋውን በሚመጠምጡ በአንድ የአዳኞች ወገን ላይ ብቻ ነው። ዛጎላቸው ስለሚመሳሰል የምትለያቸው በማይክሮስኮፕ በሚታየው ጥርሳቸው ነበር። መጀመሪያ ቀጭን ጥርስ ያለውን ሰየመች። ጠላቂ የነበረው ባሏ ከመሞቱ በፊት ከባሕር ያወጣላትን፣ ሰፊ ጥርስ ያለውን ደግሞ ኋላ በእሱ ስም ጠራችው። አማትየዋ ከዚያ ወዲህ ለመድኃኒት ሻጩም ለጎረቤቱም፣ «የልጄ ስም ባሕር ውስጥ ይሄዳል፤ በርግጥ ቀስ ብሎ ነው» ይላሉ።

በቅርቡ ግን ከአሣ አጥማጆች ዘንድ፣ ሥጋቸው ሳይበሰብስ አልኮል ውስጥ የተነከሩ ቀንድ አውጣዎች መጡላት። እየከፈተች መረመረቻቸው። ሰፊ ጥርስ ያላቸው ሁሉ ወንዶች፣ ቀጭን ጥርስ ያላቸው ሁሉ ሴቶች ሆኑ። ሁለት ዝርያ ብላ በየመሳቢያው የለያየቻቸው ለካ የአንድ ዝርያ ባልና ሚስት ኖረዋል። በሙያው ሕግ ቀድሞ የወጣው ስም ይጸናል፤ የኋለኛው ይሰረዛል። የኋለኛው የባሏ ነው።

ይህን ወገን የሚያጠና ሌላ ሰው የለም፤ ዝም ብትል የሚጠይቃት አይኖርም። የምታማክረው ፈልጋ ዘወር ስትል ያገኘችው ኮቷን የተሸከመውን ወንበር ነው።

እሑድ ዋርሳዋ፣ የባሏ ወንድም፣ ለምሳ ሲመጣ ነገሩን ለእሱም ለአማቷም አስረዳች። እሱ ሹካውን ሳያስቀምጥ፣ ቀንድ አውጣው ራሱ ስሙን እንደማያውቅ፣ ስለዚህም ቅር እንደማይለው እየቀለደ ዝም እንድትል መከራት። አማትየዋ ግን አልሳቁም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተናገሩ።

«እኔስ ለሰው ምን ልበል?»

ምራትየዋ ወንበሯን ወደሳቸው አስጠጋች።

«እማማ፣ እሱ ያላየውን አየሁ ብሎ አያውቅም። በስሙ ውሸት አላኖርም። ነገ ጽሑፉን እልካለሁ፣ ስሙም ይሰረዛል። ለጎረቤቶቹ እኔው ዞሬ እነግራቸዋለሁ።»