መሬት የጠየቀው ገንዳ

ቀኛዝማች ሀብተሥላሴ መዋኘት አይችሉም። ኮልፌ ካለው ግቢያቸው መሀል መዋኛ ገንዳ ያስቆፈሩት ለዋና ሳይሆን ለሹመት ነው። የአውራጃ ገዥ ለመሆን ደጅ ሲጠኑ ፀጉራቸው ሸብቷል፤ ያለ ደጃዝማች አምሐ ቃል ሹመት እንደማይገኝ ደግሞ አገር ያውቃል። ደጃዝማች ከአውሮፓ ከተመለሱ ወዲህ ወሬያቸው ሁሉ ስለ ገንዳ ሆኗል። እንግዲህ ምን ይደረግ፣ ገንዳ ተቆፈረ።

መብራቱንና የውሃ መሳቢያውን ሞተር የዘረጋው ገሜዳ የሚባል የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር። ሊጨርስ ሲል አንድ ነገር ይቀረናል ብሎ መጣ።

«ቀኛዝማች፣ መሰላሉ፣ ሞተሩ፣ የአምፖሉ ማቀፊያ፣ ሲሚንቶው ውስጥ ያለው ፌሮ ሳይቀር በአንድ ሽቦ ተያይዘው እኩል መሆን አለባቸው። ከዚያ መሬት ይፈልጋሉ።»

ቀኛዝማች ጆሯቸውን አላመኑም። ተማሪው «መሬት ላራሹ» እያለ በሚሰለፍበት፣ ከቀራንዮ ማዶ ያሉት የገዛ ጭሰኞቻቸው እንኳ ቀና ብለው ማየት በጀመሩበት ሰሞን፣ ጭራሽ ብረት ተደራጅቶ እኩልነትና መሬት ይጠይቅ? ገሜዳ ሊያስረዳ ሞከረ። መሬት የሚባለው አፈር ውስጥ የሚቀበር አንድ የመዳብ ዘንግ እንደሆነ፣ ሞተሩ ኤሌክትሪክ ቢያፈስ በዚያ በኩል እንደሚወርድ፣ ብረቱ ሁሉ እኩል ከሆነ ደግሞ ውሃ ውስጥ ያለውን ሰው እንደማይነዝረው ነገራቸው። እሳቸው ግን «መሬት» ከሚለው ወዲያ አልሰሙም።

«ከአያቶቼ የወረስኩትን ለብረት አንዲት ስንዝር አልሰጥም» አሉት።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ጥሩብርሃን ዘንጉ ጽጌረዳው ሥር ቢቀበር ምን ይጎዳል ቢሉ፣ አንቺም ተማሪ ሆንሽ ተባሉ።

በምርቃቱ ቀን ደጃዝማች አምሐ ዣንጥላ ሥር ውስኪያቸውን ይዘው ተሰየሙ። ቀኛዝማች በቁምጣ፣ ሆዳቸውን አስቀድመው፣ እስከ ደረታቸው ውሃው ውስጥ ገቡ። የድግሱን በግ ነድተው የመጡት ጭሰኞች ጌታቸውን እንዲህ አይተው አያውቁምና አጥሩን ይዘው ፈዘዋል። ገሜዳ ሞተሩን አስነሳ።

ቀኛዝማች ሊወጡ መሰላሉን ሲይዙ ነዘራቸው። ለቀው ደግመው ያዙ፤ ደግሞ ነዘራቸው። ሌላ መውጫ የለም። ውሃው ራሱ እግራቸውን ይቆነጥጣቸው ጀመር። ያን ጊዜ ከልባቸው ፈሩ፤ ሹመቱም አያቶቻቸውም ጠፉባቸው።

«ገሜዳ፣ መሬቱን ስጣቸው! ለሁሉም ስጣቸው፣ እኩል አድርጋቸው!»

ገሜዳ ሞተሩን አጠፋ። ደጃዝማች ብርጭቋቸውን አስቀምጠው ተነሡ።

«ሀብተሥላሴ፣ አንተም ከነሱ ሆንክ?» አሉና መልስ ሳይጠብቁ መኪናቸው ውስጥ ገቡ።

በማግስቱ ጠዋት ቀኛዝማች በሩን ሲያስከፍቱ፣ ጭሰኞቻቸው መሬት የሚለካበትን ቃላድ ይዘው ተሰልፈዋል። ገሜዳም የመዳብ ዘንጉን ታቅፎ መጨረሻው ላይ ቆሟል።